ለሁለት ጥርሶች ድድ ፍለጋ

በእኛ ከተማ ለጥርሱ ብሎ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ካለ ሊያስነቅል ወይም ሊያስተክል የሄደ ነው። እኔ የሄድኩት እንዳይነቀል ነው። ደብረ ሲና ከተመለስኩ ሦስት ወር ሆኖኛል። እንዴት እንደነበር የሚጠይቀኝ ሰው ስላልጠፋ ለእያንዳንዱ ከማወራ ጽፌ ማስቀመጡን መረጥኩ።

የታችኛዎቹ ሁለት የፊት ጥርሶቼ ድድ እየሸሸ ሥራቸው ወጥቶ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ጥርሴን በደረቅ መፋቂያ ግራና ቀኝ እየፈገፈግኩ ያደግኩ ነኝ፤ ነጭ ጥርስ አላት መባል ደስ ይለኝ ነበር። ሁለቱ ጥርሶች ቀስ በቀስ ከአጠገባቸው ካሉት ረዘሙ። ስስቅ አፌን በእጄ መሸፈን ጀመርኩ። እሑድ እሑድ በከተማችን ቤተ መጻሕፍት ግጥም ስናነብ ወረቀቱን ከአገጬ ከፍ አድርጌ እይዝ ነበር። ደብረ ብርሃን ያየኝ የጥርስ ሐኪም፣ «ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም። ድድ የሚሰፉት ቦሌ ነው። ከዘገየሽ ሁለቱንም ታጫቸዋለሽ» ብሎ ወረቀት ጻፈልኝ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው።

ሰኞ

ፍልሰታ በገባ በማግሥቱ ተነሣሁ። ሚኒባሱ ጣርማበርን ሲወጣ ጉሙ መስኮቱን ዘጋው፤ ዋሻው ውስጥ ስንገባ ብቻ ጥርት ያለ ነገር አየን። እኛ ጋ ሞቅ ያለ ነበር፤ ደብረ ብርሃን ስንደርስ ሰው ሁሉ ጋቢ ለብሷል። ለቁርስ ቆመን የጾም ፍርፍር አዘዝኩ። ፍርፍሩ ትኩስ ስለነበር እንደለመድኩት በጎን ጥርሴ በላሁ። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ይህን አይተው፣ «ጥርስ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እኔም እንዲሁ ጀምሮኝ ነው» ብለው ሳቁ፤ ታች የቀሯቸው ሁለት ናቸው።

ከዚያ ጫጫ፣ ሸኖ፣ አለልቱ፣ ሰንዳፋ። ለገጣፎ ላይ ዝናብ ተቀበለን። ላምበረት ወርጄ መገናኛ ሄድኩና የሰሚት ታክሲ ስፈልግ ረዳቱ፣ «የትኛው ሰሚት?» አለኝ።

«ሰሚት።»

«ፍየል ቤት ነው ወይስ ኮንዶሚኒየም? እህቴ፣ ሰሚት እኮ ሰፊ አገር ነው።»

ኮንዶሚኒየም አልኩ። የምሄደው እትዬ ለተብርሃን ጋ ነው። እትዬ ለተብርሃን የመቀሌ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው እኛ ከተማ አስተማሪ ሆነው ሲሠሩ የእኛን ግቢ ተከራይተው ሰባት ዓመት ኖረዋል፤ ከእናቴ ጋር እህትማማች ሆነው ነው የተለያዩት። አሁን ባለቤታቸው አርፈው ልጆቻቸውም ወጥተው ብቻቸውን ናቸው። እናቴ ስትደውልላቸው፣ «ሆቴል ብትይኝ እቀየምሻለሁ» ብለዋታል።

እኛ ጋ ሰው የሚፈለገው በስም ነው፤ እዚያ በቁጥር ነው። የሕንጻው ቁጥር በዝናብ ደብዝዞ ስምንቱን ሦስት ብዬ አነበብኩት። አራተኛ ፎቅ ወጥቼ የማላውቀውን በር አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ ሴት ሕፃን አዝላለች፤ ስሕተቴን ስነግራት አልሳቀችም። «እስከዚያ ድረስ ይሄን ሻንጣ ተሸክመሽ?» አለችና እጀታውን አንድ በኩል ይዛ፣ ልጇን እንዳዘለች፣ በዝናቡ ውስጥ አምስት ሕንጻ አሻግራ አደረሰችኝ። ስሟን አልጠየቅኳትም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እትዬ ለተብርሃን በሩ ላይ አቅፈው፣ «ጓለይ» አሉኝ፤ በቋንቋቸው ልጄ ማለታቸው ነው። ሲስቁ የላይኛው ድዳቸው ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ በልጅነታቸው ተነቅሰውታል። ያንን ድድ ሕፃን ሆኜ በጣቴ ልነካ እሞክር ነበር አሉ።

ማክሰኞ

ክሊኒኩ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካሉት የመስታወት ሕንጻዎች አንዱ ውስጥ ነው። የእኛ ከተማ ጤና ጣቢያ ወረፋ በረንዳ ላይ ነው፤ ሰው እየተጫወተ ይጠብቃል። እዚህ ሰዉ ሁሉ ስልኩን እያየ ዝም ብሏል። በመስኮቱ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ስለሚታይ እትዬ ለተብርሃን ወንበራቸውን ወደዚያ አዞሩ። ተቀባይዋ፣ «ፎርሙን ፊል አድርጊና ሳይን አድርጊበት» አለችኝ። «ከዚህ በፊት ሰርጀሪ አድርገሽ ታውቂያለሽ?» የሚለው ጥያቄ ላይ «የለም፣ የመጀመሪያዬ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ሐኪሟ ቀጭን ሴት ናት፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። በቀጭን መለኪያ ድዴን እየነካች ለረዳቷ ቁጥር ትጠራለች። ትርጉሙን ባላውቅም ቁጥሩ ከፍ ሲል ይገባኝ ነበር። ከዚያ ወንበሩን ቀና አድርጋ መስታወት ሰጠችኝ።

«ጥርስሽ በጣም ንጹሕ ነው» አለች። «ችግሩም እሱ ነው። ፍቀሽ ፍቀሽ ድዱን አባረርሽው። ከድሮም ስስ ነበር።»

«ተመልሶ አያድግም?»

«ድድ ከሸሸ በራሱ አይመለስም። ከላንቃሽ ትንሽ ሥጋ ወስጄ እዚህ እሰፋዋለሁ። ሥጋው ከሥሩ ካለው ደም ካገኘ ይኖራል። ደም እንዲያገኝ ደግሞ መነቃነቅ የለበትም። ከሰፋሁ በኋላ ሥራው የእኔ አይደለም፣ የአንቺ ነው።» ጣቷን አንሥታ የራሷን የታች ከንፈር አሳየችኝ። «ከንፈርሽን ወደ ታች ጎትተሽ እንዳታዪ። መስታወት ፊትም ቢሆን። ለእናትሽም ቢሆን።»

«ባይዝስ?»

«ሁለቱ ጥርሶች እየተነቃነቁ ይሄዳሉ። ሁለተኛ ጊዜ የምንወስደው ሥጋ ብዙ የለሽም።»

እሺ አልኩ። በደንብ ሰምቼ ነው እሺ ያልኩት፤ አልሰማሁም ብዬ ማምለጥ አልችልም።

ረቡዕ

መርፌው ላንቃዬ ላይ ሲገባ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ከዚያ በኋላ ሕመም የሚባል ነገር አልነበረም። ድምፅ ብቻ ነበር። መቀሱ ሥጋ ሲቆርጥ በጆሮ ሳይሆን በራስ ቅል ውስጥ ነው የሚሰማው። በሐኪሟ መነጽር ላይ የራሴን አፍ ትንሽና ቀይ ሆኖ አየሁት፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሐኪሟና ረዳቷ ስለ ጎሮ መንገድ መዘጋጋት ያወራሉ። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ቆይቶ ግን አጽናናኝ፤ የምትሞት ሰው አጠገብ ስለ መንገድ አይወራም።

የተቆረጠውን ፋሻ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነው፣ ፈዛዛ ሮዝ። ከላንቃዬ ተነሥቶ አፌ ውስጥ እንኳ ሳይርቅ ወደ ሌላ ሰፈር የሚዛወር የራሴ ሥጋ ነበር። እየሰፋች ክሮቹን ትቆጥር ጀመር፤ እኔም አብሬያት በሆዴ ቆጠርኩ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሒሳብ ሲለኝ አፌ አልታዘዝ አለ። እትዬ ለተብርሃን፣ «አፏን ተሰፍታ ነው» አሉት። የታክሲው ሰው በሙሉ ዞረ። «እግዜር ይማርሽ፣ እግዜር ይማርሽ» ተባለ፤ ከኋላ አንድ ሰው፣ «አላህ ያሽርሽ» አለ፤ ከፊት የተቀመጠው ጎልማሳ ወርዶ ቦታውን ለቀቀልኝ። ሰው በማይተዋወቅበት ከተማ በአንድ ጊዜ አሥራ ሁለት ሰው ሲመርቀኝ ለማመስገን የምችለው ራሴን በመነቅነቅ ብቻ ነበር።

ሐሙስ

አገጬ አብጧል። ሐኪሟ የፈቀደችው ምግብ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነው፤ ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው እርጎ ነው። ጾም ነው። እትዬ ለተብርሃን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ለታመመ ሰው ጾም የለም» አሉ። ቆም አሉና፣ «ግን እኔ ቤት ዕቃው ሁሉ የጾም ነው» አሉ።

ፊት ለፊት ያለው በር የሐያት ነው። ሐያት የስልጤ ሴት ናት፤ ከባለቤቷ ጋር ሥር ካለው የሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ትውላለች። ነገሩን ስትሰማ ሳቀች። «እትዬ፣ እኛ ቤት ጾም የለም እኮ። እርጎውም ኩባያውም ማንኪያውም የእኔ፤ ከበላች በኋላ ወስጄ አጥበዋለሁ። እርስዎ ዓይንዎን ዞር ማድረግ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ በሰማያዊ ኩባያ እርጎ መጣ። እትዬ ለተብርሃን እስክጨርስ መስኮቱ ጋ ቆመው ዝናቡን ያዩ ነበር። ረቡዕ ይጾም አይጾም በሚል ጎረቤት የሚጣላበትን ሰፈር አውቃለሁ። ኩባያው ሲወጣና ሲገባ አንድም ቃል አላስፈለገም።

ዓርብ

በፍልሰታ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው። እትዬ ለተብርሃን ሲወጡ ብቻዬን እንዳይከፋኝ አስበው ለሕንጻው ሴቶች፣ «እንግዳዬን ጠይቁልኝ» ብለው አደራ ሰጥተዋል። ሐያት ሱቅ ነበረች። እኔ ፍራሽ ላይ ተቀምጫለሁ።

መጀመሪያ ሁለት ሴቶች ብርቱካን ይዘው መጡ። ታመመ ለተባለ ሰው እኛም ጋ የሚወሰደው እሱ ነው። ብርቱካን ለተሰፋ ድድ እንደ በርበሬ መሆኑን እነሱም አያውቁም፣ እኔም ለመናገር አልችልም። ተቀምጠው፣ «ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ። በጣቴ አመለከትኩ።

«ከየት ነው የቆረጡት?»

ላንቃዬን አመለከትኩ።

«አይ፣ ይሄስ አይመስለኝም» አለች አንደኛዋ። «ከራስ አፍ ቆርጦ ለራስ አፍ? እስቲ አሳዪን።»

አራት ፎቅ ወጥተዋል። የማያውቁኝን ሰው ለመጠየቅ ሥራቸውን ትተዋል። መናገር ስለማልችል እምቢታዬን የማለዝብበት ቃል አልነበረኝም፤ ራስን መነቅነቅ ብቻ ደግሞ ጥጋብ መሰለኝ። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛውን መጻፍ ይከብዳል፤ ግን እውነት ነው። ደስ ብሎኝ ነበር። ለዓመታት የደበቅኩትን ቦታ ሰው ተሽቀዳድሞ ሲጠይቀኝ እንደ ታሪክ ባለቤት ተሰማኝ። በጣቴ ከንፈሬን ወደ ታች አወረድኩት።

«ውይ በስመ አብ» አለች አንደኛዋ። ሌላዋ የስልኳን መብራት አበራች። «አልታየኝም፣ ትንሽ ዝቅ አድርጊው።»

ዝቅ አደረግኩት። እነሱ ሳይወጡ ሌላ መጣች፤ ለእሷም አሳየሁ። ከዚያ የታችኛው ፎቅ ሴትዮ ከእህቷ ጋር መጣች። አራት ጊዜ። በመጨረሻው ላይ የሆነ ነገር ሲሳብ ተሰማኝ፤ ሕመም አልነበረውም፤ የሸሚዝ ቁልፍ ከቀዳዳው ሲወጣ ዓይነት ነበር። ከንፈሬን ለቀቅኩትና ፈገግ ለማለት ሞከርኩ።

ቅዳሜ

ጠዋት ስነሣ ትራሱ ላይ ደም ነበር። ምላሴ የተንጠለጠለ ክር ነካ።

እትዬ ለተብርሃን አልጮኹም። ትራሱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ነጠላቸውን ለበሱ። በታክሲው ውስጥ እጄን ይዘው አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ስንት ሰው መጣ?» አሉ። ጣቶቼን አሳየኋቸው። እስከ ቦሌ እጄን አለቀቁም።

ሐኪሟ ብዙ አየች። በእርጥብ ፋሻ ለረጅም ጊዜ ተጫነችው፤ በግራ በኩል አንድ ክር መልሳ ሰፋች። ስትጨርስ ጓንቷን አወለቀችና፣ «ማን ነው የጎተተው?» አለች። ድምፅዋ አልጨመረም።

«እኔ ነኝ ዶክተር» አሉ እትዬ ለተብርሃን። «እኔ ነኝ ሰው የላክሁባት። በእኔ ቤት ነው የሆነው።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። ዝም ብል ያልፍልኝ ነበር፤ አፌ ተሰፍቷል፣ ዝምታዬን ማንም አይጠይቀውም። የእትዬ ለተብርሃንን ፊት አየሁ። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ተጣሞ፣ በሰው ፊት እንደተቀጣ ተማሪ ቆመዋል። «እኔ» አልኩ። ከሦስት ቀን በኋላ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል እሱ ነበር፤ አፌ ውስጥ ወፍሮ ወጣ። «በጣቴ። አራት ጊዜ።»

ሐኪሟ ያወለቀችውን ጓንት ጣለች። «እሺ፣ ደግ አደረግሽ ነገርሽኝ» አለች። «አሁን የምለውን ስሚ። ሥጋው መጀመሪያ ይነጣል፤ አትደንግጪ። ከንጣት ወደ ሮዝ ከተመለሰ ኖሯል። ግራጫ ሆኖ ከተላጠ ሞቷል። አንቺ ግን አታዪውም። የሚቀጥለው ቅዳሜ እኔ አየዋለሁ።»

ከእሑድ እስከ ዓርብ

የእነዚህ ቀናት ታሪክ አጭር ነው፤ ቀኖቹ ግን አጭር አልነበሩም። የመታጠቢያ ቤቱን መስታወት እትዬ ለተብርሃን በፎጣ ሸፈኑት። ከቅዳሴ የሚመለሱት ከሁሉም ቀድመው ነበር፤ ሲወጡ ከውጭ ይቆልፉብኝና ቁልፉን ለሐያት ይሰጣሉ። ቤት ሲውሉ ወንበራቸውን በሩ አጠገብ አድርገው ይቀመጣሉ። ሰው ሲመጣ በሩን በሲሶ ከፍተው፣ «ተኝታለች፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ። እኔ ከኋላቸው ቁጭ ብዬ መጽሐፍ አነባለሁ።

አንድ ቀን በሩን ዘግተው፣ «በጾም አዋሸሽኝ» አሉኝ። ይቅርታ በዓይኔ ጠየቅኩ። ያኔ ነው ስለ ራሳቸው ድድ የነገሩኝ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳሉ ነቃሿ ቀለሙን በመርፌ ስትወጋ ሁለት ሴቶች እጃቸውን ይዘዋቸው ነበር።

«ለሳምንት ትኩስ አልበላሁም፣ አላወራሁም። ጓደኞቼ አሳዪን እያሉ ሲመጡ እናቴ በሩ ላይ ቁማ፣ ሲያምርባት ታዩታላችሁ ትላቸው ነበር።» ወደ መስኮቱ ዞር አሉ። «እኔ ያንን እያወቅኩ፣ ለአንቺ ሰው ላክሁብሽ። ብቸኝነት ይብሳል ብዬ ነው። የራሴን ብቸኝነት ነው ያሰብኩት።»

ተነሥቼ አጠገባቸው በሩ ጋ ተቀመጥኩ።

ግጥም ለመጻፍ ሞከርኩ። ያስተማረኝ ሰው ስለሌለ ስንኝ ልክ መሆኑን የማውቀው ጮክ ብዬ ሳነበው ነው፤ ደብረ ሲና ከሆንኩ ወደ ላይኛው መንገድ እየሄድኩ ለራሴ እለዋለሁ። እዚያ ግን ጸጥ ብዬ የጻፍኩትን ሁሉ አላመንኩትም። ምላሴ ወደ ድዱ እንዳይሄድ መጠበቅ ራሱ የሙሉ ቀን ሥራ ነው። ነጭ ነው ወይስ ግራጫ? ይህን ጥያቄ ይዤ ከሰሚት መስኮት የለሚ ኩራን አዳዲስ ሕንጻዎች አይ ነበር፤ ፎቁ በየቀኑ ሲጨምር ይታያል፤ እኔ ግን የራሴን ጥፍር የሚያህል ሥጋ ለማየት አልተፈቀደልኝም።

ቅዳሜ

ሐኪሟ ክሮቹን አንድ በአንድ አወጣች። ስለ መንገድ አልተወራም። ከዚያ መለኪያዋን አነሣች። ቁጥሩን ስትጠራ የመጀመሪያው ዝቅ ያለ ነበር። ሁለተኛው ላይ ቆየች፤ እንደገና ለካች።

«የቀኙ ይዟል» አለች። «ሮዝ ነው፣ ጥሩ ነው። የግራው ጠርዙ ሞቷል። ግማሹ ተርፏል።»

«ጥርሱስ?»

«ጥርሱ አይነቀልም። የተረፈው ከበፊቱ ወፍራም ስለሆነ ይይዘዋል። ግን ሥሩ ትንሽ ይታያል፤ ቀዝቃዛ ሲነካው ይሰማሻል፤ ዕድሜሽን ሙሉ በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ነው የምታጸጂው። ሁለቱንም ልሸፍን ነበር ያሰብኩት።» የመጨረሻውን ስትናገር ፊቷ የደከመ ነበር። ስንት ሰዓት ጎንብሳ እንደሰፋችው ትዝ አለኝ፤ ያበላሸሁት የራሴን ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ውጭ ላይ እትዬ ለተብርሃን ወደ መድኃኔዓለም ዞረው ተሳለሙ። «ተረፈ ወይስ አልተረፈም?» አሉኝ። ተረፈ አልኳቸው። ግማሹን ለራሴ ያዝኩ። ታክሲ ውስጥ ግን መዋሸቱ ከበደኝና ሁሉንም ነገርኳቸው። «ግማሽም እንጀራ ነው» አላሉኝም፣ አላጽናኑኝም፤ እጄን ብቻ መልሰው ያዙት።

እሑድ

ሐያት ላምበረት ድረስ በባለቤቷ መኪና ሸኘችኝ። ቀኑን ሙሉ ዘነበ፤ የሰሚት ውሃ መንገዱ ላይ ይተኛል፤ የእኛ ቁልቁለት ስለሆነ ሳያድር ይሄዳል። ጣርማበርን ወርደን ሙቀቱ ሲመጣ ጋቢ የለበሱት ሁሉ አወለቁ።

ቤታችን የደረስኩት ጎረቤቶች ሳያዩኝ ነው። እናቴ ሻንጣውን ተቀብላ አገላብጣ ሳመችኝ፤ ከዚያ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ «እስቲ አሳዪኝ» አለች።

«አይጎተትም እማዬ። ሌላ ሁለት ሳምንት አይነካም።»

«እኔ እናትሽ ነኝ።»

«ለአንቺም።»

እጇን ከፊቴ አነሣች። ቅር እንዳላት ያስታውቃል። «ታዲያ እንዴት ልየው?»

«አስወሪኝ። ስናገር ይታያል።»

ዱካ አምጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። እኔም ከሚኒባሱ ጀመርኩ። ስለ ጉሙ፣ ስለዚያች ሕፃን ስላዘለች ሴት፣ ስለ ሰማያዊው ኩባያ። እናቴ ዓይኔን አላየችም፤ አፌን ነው ያየችው። ዓርብ ላይ ስደርስ ዘገየሁ፤ ግን ምንም አላስቀረሁም፤ ብርቱካኑንም፣ ጣቴንም፣ ደስ ብሎኝ እንደነበርም። እጄ ወደ አፌ ሊነሣ ሲል መልሼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ስጨርስ እንዳጎነበሰች ቀረች።

«አንደኛው ዝቅ ብሏል» አለች።

«አዎ።»

«ግን አለ።»

«አለ» አልኳት፤ ደግማ እንድታየው ቃሉን ሳብ አድርጌ።